በጎሎልቻ የወንድሜን ቡና ለመልቀም

የጥር ዕረፍት አንድ ሳምንት ነው። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት አርሜ ስጨርስ ሳምንቱን ልተኛበት አስቤ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ከድር ግን ከጎሎልቻ ደወለ። ክረምት ላይ እግሩ ተሰብሮ እስካሁን በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ለቃሚ አጥቶ የመጨረሻው ቡና ዛፉ ላይ እየደረቀበት ነው። ለቀማው ሲያልቅ ዛፎቹን አስነቅሎ ጫት ሊተክል እንደወሰነም ነገረኝ፤ መጋዝ ያላቸው ሰዎችን ለቅዳሜ ቀጥሯል። ቡናውን የተከለው አባታችን ነው። ሳይነቀል በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ልልቀመው ብዬ ተነሳሁ።

ሰኞ

አሰላ መነኻሪያ ንጋት ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠን ጠበቅን። በኢተያ በኩል ስናልፍ የስንዴው ማሳ ታጭዶ የገለባ ክምር ብቻ ቀርቷል። ወደ ዲክሲስ ስንታጠፍ አቧራው በመስኮቱ ገብቶ ነጠላዬን አቀላው። ሮቤ ላይ መኪና ቀየርን፤ ሻይና ቦምቦሊኖ ቀማምሼ እንደገና ተሳፈርኩ።

ከጮሌ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ሹራቤን አወለቅሁ። አሰላ ስለሚበርድ ቡና አይበቅልም፤ እዚህ ቆላ ቀመስ ተዳፋት ላይ ግን በዋንዛና በግራር ጥላ ሥር ይታያል። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ገበሬ ናቸው። ወዴት እንደምሄድ በኦሮምኛ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። እሳቸውም አምና ቡናቸውን መንቀላቸውን፣ ጫት በዓመት ደጋግሞ እንደሚቆረጥ፣ ቡና ግን አንዴ ብቻ እንደሚሰጥ አስረዱኝ። ልከራከራቸው ጉልበት አልነበረኝም።

ማክሰኞ

የአባታችን ዛፎች ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቁመታቸው ረዝሞ ፍሬው ጫፍ ጫፋቸው ላይ ብቻ ነው። ቅርንጫፉን በሜንጦ ስበን፣ በአንድ እጅ ይዘን፣ ቀዩን ፍሬ አንድ በአንድ እንለቅማለን። አረንጓዴው ከተቀላቀለ ጣዕሙን ያበላሻል፤ ዛፉ ላይ የደረቀው ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል። ጉንዳን አንገቴ ሥር ገብቶ በላኝ። እስከ ማታ የለቀምኩት የቅርጫቴን ግማሽ አልሞላም።

የከድር ሚስት ዘይነባ ግን ከለቀማው በኋላም አላረፈችም። እሸቱን ለይታ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ስስ አድርጋ ዘረጋችው። በየሰዓቱ በእጇ ታገላብጠዋለች፤ ማታ ጤዛ እንዳይነካው በሸራ ትሸፍነዋለች። ፍሬው ጠቁሮ ሲወዘወዝ ድምፅ እስኪሰጥ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ መፈልፈያ የሚሄደው። ከድር ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያያል። ዛፉም አርጅቷል፣ እሱም አርጅቷል፣ በቃ ይላል።

ረቡዕ

ዘይነባ ወደ ወንዙ ዳር ይዛኝ ወረደች። እዚያ ከእኔ ቁመት የማይበልጡ አሥራ ሁለት የቡና ዛፎች አሉ። ቅርንጫፋቸው በፍሬ ጎብጧል። ከቀትር በፊት ቅርጫቴ ሞላ። አዲስ ችግኝ መስለውኝ ነበር፤ እሷ ግን ግንዳቸውን አሳየችኝ። ያረጁት የአባታችን ዛፎች ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ከድር ለሕክምና አዳማ በሄደበት ወቅት ከጉልበት በታች ቆርጣቸው፣ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ አብቅለው ነው። ከድር ሲመለስ ዛፍ ገደለች ብሎ ወር ሙሉ አላናገራትም፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ወንዙ ወርዶ አያውቅም።

ማታ ከድር ቅርጫቱን አይቶ ከየት እንደመጣ ጠየቀ። እኔ ነገርኩት። እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

ሐሙስ

ጠዋት ከድር ምርኩዙን አንስቶ፣ “ደግፊኝ” አለኝ። ሦስት ጊዜ አርፈን ወንዙ ዳር ደረስን። ዘይነባ ከኋላ ተከተለችን። አንዱን ቅርንጫፍ በእጁ ይዞ ፍሬውን ዳሰሰ።

“እንዲህ እንዳፈሩ ለምን አልነገርሽኝም?” አላት።

“ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?”

ስንመለስ ከእኔ ትከሻ ላይ እጁን አንስቶ በእሷ ላይ ተደገፈ።

ቅዳሜ

ባለመጋዞቹ በጠዋት መጡ። ከድር ወንበር አስወጥቶ ቡናው መሐል ተቀመጠና የሚነቀል ነገር እንደሌለ ነገራቸው። ዘንድሮ ግማሹ ይቆረጣል፤ እሱ ሲያፈራ ቀሪው ይከተላል። ከዚያ ዞር ብሎ፣ “ዘይነባ፣ የት ላይ ነው የሚቆረጠው?” ሲል ጠየቃት።

እሷም ጎንበስ ብላ መዳፏን ግንዱ ላይ አሳረፈች። “እዚህ ጋ። ውሃ እንዳይቋጥር አጋደም አድርጋችሁ ቁረጡት” አለቻቸው።

የመጀመሪያው ዛፍ ሲወድቅ ማየት አልቻልኩም፤ አባቴን አስታወሰኝና አለቀስኩ። ለመጪዎቹ ሁለት ዓመታት ከዚያ ግማሽ ማሳ ምንም አይለቀምም። ከድር ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ትጠብቃለህ ወይ ስለው፣ ምን ሥራ አለኝ አለኝ።

እሑድ

አሰላ ስገባ ወገቤ አልታጠፍ ብሎኝ ነበር። ጣቶቼ ጠቁረዋል፣ በሳሙናም አይለቅም። ነገ ትምህርት ይጀመራል፤ ያሰብኩትን እንቅልፍ ሳልተኛ ዕረፍቱ አለቀ።

ከጉዞው ስለ ቡና ብዙ ተምሬያለሁ። ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ያንን ቡና ሁልጊዜ የአባቴ፣ ቀጥሎም የወንድሜ እያልኩ ነበር የምጠራው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን ፍሬ በእጇ ያገላበጠችው ዘይነባ ናት፤ እኔም እንደ ከድር፣ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደምታስብ ጠይቄያት አላውቅም።