ሪሞቱ የጠፋበት በር

አሰላ ውስጥ የመኪናው መብራት አልበራ ያለው ሰው መጨረሻው ቢፍቱ ሁሴኖ ዘንድ ነው። መጀመሪያማ ሌሎቹን ይሞክራል። ሴት የመኪና ኤሌክትሪሺያን አይቶ ከደጇ የሚመለስ ደንበኛ ዛሬም አይጠፋም። እሷ ግን ተከትላ አትጠራም፤ አብዛኞቹ በሁለተኛው ቀን ራሳቸው ይመጣሉ። ሱቋ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ያለች ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጎረቤቷ ጎማ በነፋ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ እሷ እንደሆነ ለምዳዋለች።

ያደገችው ኦጎልቾ ነው። አባቷ ሁሴኖ በአጨዳ ወራት የሰው ኮምባይነር ይነዳ ነበር። አንድ ዓመት ኮምባይነሩ ስንዴው መሀል ቀጥ ብሎ ቆመና መካኒክ እስኪመጣ ሁለት ቀን ተጠበቀ። መካኒኩ መጥቶ የሠራው አንዲት የተቃጠለች ፊውዝ መቀየር ብቻ ነበር። ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ቢፍቱ በጣም ተናደደች። ጥፍር የምታህል ነገር የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ያ ሁሉ ስንዴ ሁለት ቀን መጠበቁ አልዋጥልሽ አላት። ከዚያ ወዲህ አንድ አመል ያዛት፤ ምን እንደሚሠራ የማታውቀውን ዕቃ አይታ ማለፍ አትችልም። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ የመኪና ኤሌክትሪክ ስትመርጥ አባቷ ልብስ ስፌት ይሻልሽ ነበር አላት እንጂ አልከለከላትም።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ አባይነሽ መኪናቸውን ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ከአሰላ ሰው ግማሹን ማባዛት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው ይባላል። ቅዳሜ መኪናውን የሚገዛ ሰው ስለሚመጣ አንደኛው የፊት መብራት እንዲሠራላቸው ፈለጉ። ቢፍቱ አምፖሉን ቀይራ ለመሞከር ገብታ ስትቀመጥ፣ ከውስጠኛው ስፖኪዮ ግርጌ በጣት የሚጫኑ ሦስት ትንንሽ ቁልፎች አየች። በየቁልፉ ላይ ትንሽዬ ቤት ተስላበታለች። ምን እንደሆኑ ጠየቀቻቸው።

«እነሱን እንዳትነኪ ልጄ» አሏት እትዬ አባይነሽ። «ሻጩ ፖሊስ መጥሪያ ናቸው ብሎኛል። መኪናው የመጣበት አገር ያለውን ፖሊስ ማለት ነው።»

ቢፍቱ ያ ፖሊስ አሰላ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ጠይቃ አሳቀቻቸው። ነገሩ ግን አልለቀቃትም። ስልኳን አውጥታ የመኪናውን ዓይነት ጻፈችና ስታነብ ቆየች። ቁልፎቹ የግቢ በር መክፈቻ ናቸው። በሩ ሞተር ካለው መኪናው የሞተሩን ቋንቋ ተምሮ ራሱ እንደ ሪሞት ይሆናል። ይህን ለእትዬ አባይነሽ ነገረቻቸው። እሳቸውም ሞተር ያለው በር እንዳላቸው ነገሯት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባላቸው ጋሽ ገብረ መድህን ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት በጎን የሚንሸራተት ትልቅ የብረት በር አሠርተው ሞተር አስገጠሙለት። ሪሞቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ከጃኬታቸው ኪስ አይወጣም። እትዬ አባይነሽ ከውጭ ሲመጡ ክላክስ ያደርጋሉ፣ ጋሽ ገብረ መድህን በረንዳ ላይ ቆመው ይከፍታሉ። እሳቸው ባረፉ ጊዜ ልብሳቸው ለዘመድ ሲከፋፈል ጃኬቱ ጮሌ ከተማ ለሚኖረው የአጎታቸው ልጅ ለይበልጣል ደረሰ። እትዬ አባይነሽ ሪሞቱ ትዝ ብሏቸው ሲደውሉ ይበልጣል በጣም አዘነ። የቴሌቪዥን መስሎት ከነቤተሰቡ ስንት ቀን ለፍቶበት፣ እምቢ ሲለው ጥሎታል።

አዲስ አበባ ሰው ልከው አስጠየቁ። ያ ዓይነት ሪሞት ድሮ ቀርቷል፣ ሞተሩ በሙሉ ይቀየር ተባሉ። ስለዚህ ሞተሩ ከበሩ ተላቅቆ እዚያው ቀረ፣ በሩም በእጅ የሚገፋ ሆነ። ከመኪና ወርዶ መግፋት፣ አስገብቶ እንደገና ወርዶ መዝጋት ለስልሳ ስድስት ዓመት ሴት በአሰላ ክረምት ቀላል አይደለም። ሰኔ ላይ ጭቃው አንሸራትቶ በጉልበታቸው ጣላቸው። ከዚያ ወዲህ መኪናው ግቢ ውስጥ ዋለ። የእህታቸው ልጅ ጌትነትም ዝም ብሎ ከሚቆም ይሸጥ ብሎ ገዢ ፈለገላቸው።

ቢፍቱ ሐሙስ መጥታ በሩን ልታየው ጠየቀች፤ ካልሆነ ቅዳሜ ይሸጡታል። እትዬ አባይነሽ ተስማሙ፤ ብዙም ተስፋ ያደረጉ አይመስሉም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ቢፍቱ ካቻቢቴና ፒንሳዋን ይዛ በባጃጅ ደረሰች። ጌትነትም በብስክሌት መጥቶ፣ ብስክሌቱን ከውጭ ትልቁ በር ላይ አስደግፎ በትንሿ በር ገባና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ረጋ ያለ ሰው ነው፣ ግን ስፖኪዮ በር ይከፍታል የሚለውን ወሬ ጨርሶ አላመነም። ቢፍቱ በሩ ሥር ያለውን የሞተር ሳጥን ስትከፍት ጉንዳን ሞልቶበታል። ጉንዳኑን ጠርጋ፣ መስመሩን አድርቃ፣ ሞተሩን ከበሩ ጥርሳማ ብረት ጋር አገናኝታ መብራት ለቀቀችበት። ውስጡ ስትፈልጋት የነበረችውን ነገር አገኘች፤ እንደ ምስር ፍሬ ያለች ቁልፍና አጠገቧ ትንሽ አምፖል። ያቺን ሲጫኗት ሞተሩ አዲስ ሪሞት ለመቀበል ሠላሳ ሴኮንድ ጆሮውን ከፍቶ ይጠብቃል።

መጀመሪያ መኪናው ከድሮ ባለቤቱ የያዘውን ማጥፋት ነበረባት። ከሦስቱ ቁልፎች ዳርና ዳር ያሉትን አንድ ላይ ተጭና ያዘች፤ የስፖኪዮው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ለቀቀች። ከዚያ የሞተሩን ቁልፍ ተጭና ወደ መኪናው ሮጠች፣ የመኪናውን ተጫነች። ምንም የለም። ደገመችው። በአምስተኛው ላይ ጌትነት ሰዓቱን አይቶ፣ ገዢው ቅዳሜን ሳይጠብቅ ነገ ይምጣ ወይ ብሎ አክስቱን በቀስታ ጠየቀ።

ቢፍቱ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ያነበበችውን እንደገና አነበበች። ሁለት ነገር አልፏታል። መኪናው በመጀመሪያ መዘጋጀት አለበት፤ ለዚህም መብራቱ ብርቱካናማ ሆኖ ወደ አረንጓዴ እስኪዞር አንዱን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የአጫጫኗ ነገር ነው። እሷ ቶሎ ነካ አድርጋ ትለቅ ነበር፤ የሚፈለገው ግን ሁለት ሴኮንድ ይዞ መልቀቅ፣ ከዚያ መድገም ነው።

ልትወርድ ስትል ዝናቡ መጣ፣ ያውም የአሰላው ዓይነት። የሞተሩ ሳጥን ክፍት ነው፣ ውስጡ ኤሌክትሪክ አለ። ቢፍቱ ሮጣ ሄዳ ዣንጥላ ዘረጋችበት፤ ትታው ወደ መኪናው መመለስ አልቻለችም። ስለዚህ እትዬ አባይነሽ መኪናው ውስጥ እንዲገቡ ለመነቻቸው። እሳቸው ቁልፎቹን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እንዳይነካ ሲከለክሉ የኖሩ ናቸው፤ ጣታቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡ። በኋላ ግን መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ተጭነው ያዙ።

«ብርቱካን ነው» አሉ በመስኮት። ቆይተው ደግሞ፣ «አረንጓዴ ሆነ።»

ቢፍቱ የሞተሩን ቁልፍ ተጫነች፣ ትንሿ አምፖል በራች። ስትጨነቅ በኦሮምኛ ነው የምትቆጥረው። እትዬ አባይነሽ ደግሞ አሰላ ተወልደው ያደጉ ናቸውና አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

«ይጫኑት። ቶኮ፣ ለማ። ይልቀቁ። አሁንም ይጫኑት። ቶኮ፣ ለማ።»

ሞተሩ አጉረመረመ። በሩ ትንሽ ተንገራገጨና እየተንሸራተተ ተከፈተ። የጌትነት ብስክሌት መደገፊያ አጥቶ ጭቃው ውስጥ ተጋደመ። ጌትነት ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ አነሳው፤ መቀመጫውን በመዳፉ ይጠርግ ጀመር።

እትዬ አባይነሽ ከመኪናው አልወረዱም። የግቢውን በር በቁልፉ ዘጉት። መልሰው ከፈቱት። እንደገና ዘጉት። ቢፍቱ የሳጥኑን ክዳን ገጥማ ብሎኖቹን ስታጠብቅ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ገብሬ እያለ እኔ ክላክስ አደርጋለሁ፣ እሱ ይከፍታል» አሏት። «እሱ ከሄደ ወዲህ በትከሻዬ ነው። እንዲህ ተቀምጬ ስከፍተው ገና ዛሬ ነው።»

ቢፍቱ አንዱን የጠበቀ ብሎን ፈትታ እንደገና አጠበቀችው። እትዬ አባይነሽ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ጌትነትን ጠሩት። ለሰውዬው ደውሎ መኪናው እንደማይሸጥ እንዲነግረው አዘዙት። ጌትነት ስልኩን አወጣ።

ቅዳሜ ዕለት እትዬ አባይነሽ ከፋሲካ ወዲህ ያላዩዋትን እህታቸውን ራሄልን ሊጠይቁ ኢተያ ሄዱ። ሲመለሱ የቢፍቱ ሱቅ ጋ ቆመው አንድ ፌስታል በሶ ሰጧትና ኢተያ የገቡበትን ሰዓት ሳይቀር ነገሯት።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። ሰዎች የመኪናቸው ቁልፍ ምን እንደሆነ ሊጠይቁ ይመጡ ጀመር፤ አብዛኞቹ የያዙት የጣሪያ መብራት ማብሪያ ነበር። አንድ ቀን ከዲሮ የሚባል ስንዴ አምራች አዲስ ፒክአፑን አቁሞ ስፖኪዮውን አሳያት። እውነተኛዎቹ ሦስት ቁልፎች ነበሩት። ቢፍቱ ደስ ብሏት የበሩ ሞተር ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀችው። ከዲሮ ሞተር የሚባል ነገር እንደሌለው፣ በሩም የባሕር ዛፍ አጣና በሽቦ ታስሮ የተሠራ እንደሆነ ነገራት። ያለ ሞተር አይሆንም ስትለው ለእትዬ አባይነሽ ሠርታ ለእሱ እምቢ ያለችው መስሎት ቅር ብሎት ሄደ።

ጥር ላይ፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ ተመለሰ። ፒክአፑ ላይ ከነካርቶኑ አንድ አዲስ ሞተር፣ ከጎኑም አዲስ የብረት በር ተጭኗል። ከሞተሩ ጋር ሁለት ሪሞት እንዳለ ቢፍቱ ካርቶኑን ከፍታ አሳየችው። ከዲሮ ሪሞቶቹን ለሚስቱ እንደሚሰጣቸው፣ እሱ ግን በስፖኪዮው ካልሆነ እንደማይከፍት ነገራትና ሄዳ ልትገጥምለት ከጎኑ ገብታ እንድትቀመጥ የፒክአፑን በር ከፈተላት።