አብሮ የገባው ጥንድ

ዛሬ ጠዋት ሱቅ ስደርስ ወንድሜ ገመቹ ጫማዎቹን ግራና ቀኝ አጣምሮ መደርደሪያው ላይ ደርድሯቸዋል። ለዓይነት አንድ አንድ እግር ብቻ አውጣ፣ ሌባ አለ ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ። «ብቻውን ይፈራል» ይለኛል። ገመቹ ዳውን ሲንድረም ያለበት፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው፤ አንዴ አይሆንም ካለ ደግሞ አይሆንም ነው። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ስቀመጥ የእናቴ የገበያ ሸራ ትዝ አለኝ።

እናቴ አዳማ ገበያ መሬት ላይ ሸራ አንጥፋ ልባሽ ጫማ ትሸጥ ነበር። የምትደረድረው የቀኙን እግር ብቻ ነው፤ ግራው በጆንያ ሆኖ ከኋላዋ ይቀመጣል። አንድ እግር ጫማ ምን ሊያደርግለት ሌባ ይሰርቃል? ጫማው የሚመጣው በማሰሪያው ጥንድ ጥንድ ተቋጥሮ ስለነበር፣ እየፈታን አንዱን እዚህ ጆንያ፣ አንዱን እዚያ ጆንያ እንከታለን። አንዳንዴ ቋጠሮው አልፈታ ይልና ጥንዱ ሳይለያይ በአንዱ ጆንያ ይገባል። አንዱ ጆንያ ይተርፈዋል፣ ሌላው ይጎድለዋል። እናቴ «ያጋጥማል» ብላ ታልፈዋለች።

ለጫማ እንዲህ ቻይ የሆነች ሴት ለራሷ ግን ምሕረት አልነበራትም። ገመቹን አርግዛ በስድስተኛ ወሯ፣ በቀትር አዋሽ ወርዳ ልብስ አጥባ ነበር። «ውሃ ዳር ያለው ነገር ነው የለከፈብኝ፤ በኔ ጦስ ነው» ብላ አመነች። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል እንኳ ጤና ጣቢያ የምትወስደው ከነፊቱ በነጠላ ሸፍና ነው። ልጁ ሰው ሳያየው ሊያድግ ነው ብዬ እሰጋ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የባዮሎጂ መምህራችን፣ እንቁላል ሲሠራ ክሮሞዞሞች ከየጥንዳቸው እንደሚለያዩ አስረዱን። አንዳንዴ ግን አንዱ ጥንድ ሳይለያይ አብሮ ይሄዳል፤ ከአባት የሚመጣው ሲታከልበት ሦስት ይሆናል። «ዳውን ሲንድረም በአብዛኛው የሚመጣው እንዲህ ነው» አሉ። ሰሌዳው ላይ የታየኝ ጆንያ ነው። በዚያ የግንቦት ሐሩር፣ ጋሪ እንኳ ሳልጠብቅ አቧራውን እያቦነንኩ ቤት ድረስ ሮጥኩ።

እናቴ ፓፓያ እየላጠች አገኘኋት። ሁለት ጆንያ ዘርግቼ እንደገባኝ አስረዳኋት።

«ከኔ ጆንያ ነዋ የወጣው» አለች ድምፅዋ ሰልሎ።

ደነገጥኩ። ላጽናናት መጥቼ ጭራሽ የፈረድኩባት መሰለኝ።

«ጥንዱ አብሮ ሲገባ ማንን ትወቅሻለሽ?»

«ማንን እወቅሳለሁ? ያጋጥማል።»

«ይሄም እንደዚያው ነው። ደግሞ ይሄ ሁሉ የሚሆነው ገና ሳትፀንሺ ነው።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ወንዝ የወረድኩት እኮ በስድስት ወሬ ነው።»

«አዎ እማዬ። ያኔ ነገሩ ድሮ አልፏል።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ፓፓያ አጎረሰችኝ። እንደዚያ የጣፈጠ ፓፓያ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገመቹን ፊቱን ገልጣ፣ አዝላው ገበያ ወጣች። ከወንጂ የምትመጣ ደንበኛዋ «አካም ጅርቱ» ብላ ሰላም ካለቻት በኋላ ዓይኗ ልጁ ላይ ቀረ። «ምን ሆኖ ነው?» አለች።

እናቴ ቋጠሮ መፍታቷን አላቆመችም። «ምንም አልሆነ። አንድ ትርፍ ይዞ መጥቶ ነው።»

ሴትዮዋ የገባት አይመስለኝም፤ ግን ከያዘችው ሸንኮራ ቆርጣ፣ ልጣ ሰጠችው። ቀኑን ሙሉ ሲመጥ ዋለ።

ዛሬም ስንት እናት ይሆን፣ ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ ልጇን ከሰው የምትሸሽግ? የኛ ቤት ሸክም የወረደው በአንድ ከሰዓት ወሬ ነው፤ ስለዚህ ተስፋ አልቆርጥም።

ዛሬ ከሰዓት እናቴ ምርኩዟን ይዛ ሱቅ መጣች። ግራ ግራውን ከመደርደሪያው ላነሳ እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«ተይው» አለች። «ቢሰረቅም ያጋጥማል።»