ጭስ ያደርቃል እንጂ አያበስልም

በእኔ ቋንጣ ሰው ኮሶ ታየበት ተብሎ የተወራው ሐሰት ነው። በዚህ ወሬ ሰበብ ከዋርሳዬ ልጅ የሠርግ ወጥ ልገለል ነበር። ያቺ ልጅ ስትወለድ አዋላጇ እኔ ነበርኩ፤ የሠርጓን ወጥ እንደምሠራም ገና በእቅፌ ሳለች ለእናቷ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ እንደነበረ ይጻፍ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው። በጥቅምት ወንዶቹ ከደባርቅ ቁልቁል ወደ ቆላው ወርደው ድኩላ ገደሉ። ዋርሳዬ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁለቱን ጭን ላኩልኝ። የዱር ሥጋ ቤቴ ከገባ ስንት ዘመኑ፤ ደስታዬን አልቻልኩትም። ወዲያው ቢላዋዬን ስዬ ተቀመጥኩ። ከጣት የማይወፍር አድርጌ ዘለዘልኩት፣ ጨውና በርበሬ አሸሁት፣ ከምድጃው በላይ በገመድ ሰቅዬ የወይራ ጭስ ለቀቅኩበት። ወፍራም ዝልዝል ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ቢደርቅም ቢሆን ጭስ ያደርቃል እንጂ አያበስልም፤ እናቴ ያስተማረችኝ ይህንን ነው። ከገመዱ ቀጥፎ ሊያኝክ የሚንጠራራ ካየሁ እጁን በማማሰያ እለው ነበር።

ጾሙ ገባ፣ ወጣ። የገና ዕለት ቋንጣውን ሰባብሬ ከቁሌቱ ጨመርኩና፣ ውሃ እየመለስኩ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ አንተከተክሁት። አሥራ አንድ ሆነን በላን። ዋርሳዬ ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

በሳምንቱ ኮሶ ታየባቸው። «የዚያች ሴት ጭሳም ቋንጣ ነው። ሠርጉ ላይ ድስት እንዳትነካ» ብለው ለሚስታቸው ነገሩ፤ ሚስታቸው ለመንደሩ።

እኔም ቤት ለቤት ዞሬ ከዚያ ድስት የበላውን ሁሉ ጠየቅኩ። አንድም የታመመ የለም። በቀጥታ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ።

«አያ፣ ከአንድ ድስት አሥራ አንድ ሰው በልቶ ኮሶው አንቱን ብቻ ለምን መረጠ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ኮሶውን ጠይቂው።»

«እሱስ እውነቱን በነገረኝ ነበር። ይነሱ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

የጠጡት የኮሶ አበባ አድክሟቸው ስለነበር እንቢ አላሉም። እሳቸው ለኪኒን፣ እኔ ለስሜ፣ ደባርቅ ወጣን። እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፤ ቀድሜ የደረስኩት ግን እኔ ነኝ።

ነርሷ ልጅ እግር ናት። እሳቸው ገና ሳይቀመጡ ነገሩን አራገፍኩላት። ሰምታ ስታበቃ ወደ እሳቸው ዞረች።

«አባባ፣ ኮሶ በሳምንት አያድግም። ዛሬ የታየዎት ከሁለት ከሦስት ወር በፊት የገባ ነው። ውስጡ ድረስ የበሰለ ሥጋ ደግሞ ኮሶ አያመጣም። ያኔ ጥሬ በልተው ነበር?»

በጣቴ ወደ ኋላ ቆጠርኩ፤ ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ጥቅምት። በጾሙ ሥጋ የቀመሰ የለም። የቀረው ከጾሙ በፊት ያለው፣ ድኩላው የወደቀበት ጥቅምት ነው።

«አያ፣ ድኩላው ከወደቀበት እኔ ቤት እስኪደርስ ምን ተበላ?»

ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«ለጥብስ ነው ብላችሁ ሚጥሚጣ በጨርቅ ያስቋጠራችሁኝ እኔን ነው። ድስትም ክብሪትም ግን አልያዛችሁም።»

ነርሷ ሳቋን በመዝገቡ ሸፈነች።

«ይቺን ነርስ ተዪያት፣ ልጅ ናት፤ ምን ታውቃለች» አሉኝ በዝግታ።

«እኔ የምጠይቀው አንቱን ነው። ሠርጉ ሊደርስ ነው፤ ይናገሩ። ኮሶውን ያመጣው የኔ ቋንጣ ነው ወይስ ሌላ?»

ነርሷ የሰጠቻቸውን ኪኒን በመዳፋቸው አገላበጡ።

«ሽንጡን እዚያው ከአንድ ዛፍ ሥር በጥሬው በላነው» አሉ በመጨረሻ። «ከሁሉም አብልጬ የበላሁ እኔ ነኝ። ቋንጣሽ ምንም የለበትም። ወጡን አንቺ ትሠሪያለሽ፤ ለሚስቴም ለመንደሩም እኔው ራሴ እናገራለሁ።»