ቁልቁለት ላይ የምትተኩስ መኪና

አሮጌዋ ፒክአፔ ዳገት ላይ ጨዋ ናት። ቁልቁለት ላይ የነዳጅ ፔዳሉን ለቅቄ በማርሽ ስይዛት ግን የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ይተኩሳል። ድንች ጭኜ ከእንጅባራ ስወርድ፣ ዳንግላ መግቢያ ላይ ጧ! ስትል የጋሪ ፈረስ ደንብሮ አንዲት እናትን ከነእንቁላላቸው ቦይ ውስጥ ጣላቸው። መኪናዋን አቆምሁ። ሮጬ ሳነሳቸው፣

"እኔስ ተርፌያለሁ፤ አንተ ልጅ፣ የጫንኸው ድንች ነው ጥይት?" አሉኝ።

በቀጥታ ጋራዥ ገባሁ። "ነዳጁ ውሃ ተቀላቅሎበታል" ብዬ ምርመራውን ለመካኒኩ ጨረስሁለት። እሱ ግን ሞተሩን አስነስቶ የማርሚታውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ ሲደፍነው፣ ከሞተሩ ሥር ፍስስ የሚል ድምፅ መጣ። የጭስ ቧንቧው ስንጥቅ እንዳይታይ በዘይት ቆርቆሮ ተጠቅልሎ ጥቀርሻ ተቀብቷል።

"ነዳጅ ስትለቅ በዚህ ስንጥቅ አየር ይስባል፤ ሳይቃጠል የወጣው ነዳጅ አየር ሲያገኝ እዚያው ቧንቧው ውስጥ ይፈነዳል" አለኝ።

ስገዛት ቀለሟን አይቻለሁ፣ ጎማዋን ረግጫለሁ፣ ዋጋም አስቀንሻለሁ፤ ከሥሯ ግን አላጎነበስሁም።

"ወዳጄ፣ ሻጩ ትልልቁን ከላይ ደርድሮ ሸጦልሃል" አለ መካኒኩ።

በጆንያዎቼ አፍ ላይ የደረደርኋቸውን ትልልቅ ድንቾች ቀና ብዬ ላለማየት፣ ስንጥቁን ደጋግሜ አየሁት።