ልጄ ቤት ያደረጋት መኪና

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ ከቤት ላይ አንዲት ክፍል ለመቀጠል የቀበሌ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ጠየቅን፤ አልተፈቀደም። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጄ ከአራት ታናናሾቹ ጋር በአንድ ክፍል ማጥናት አቅቶት ስለነበር፣ ሞተሯ ተበላሽቶ ግቢያችን የቆመችውን አሮጌ ኮምቢ መኖሪያ ላደርጋት ነው አለ።

«በቀትር ውስጧ መቀመጥ ከቻልህ ትተኛባታለህ፤ ካልቻልህ የለም» አልሁት።

ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ ሠራ። ሙቀቱን ለመከላከል ጣሪያዋን ከውስጥ ጣና ዳር በሚበቅለው ደንገል ሊለብጥ አሰበ። «ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ሽማግሌ መጀመሪያ ይድረቅ ብለዋል» ቢለኝ ተቆጣሁ። ያለ አስተማሪ ማንበብ የተማርሁ ሰው ነኝና የሰው ምክር አይዋጥልኝም ነበር።

«እርጥቡ እንደ ልብ ይታጠፋል። ለነገ ማለት ስንፍና ነው!»

ታዘዘኝ። በሁለት ሳምንት ደንገሉ ደርቆ ተኮማተረ፤ በየመሀሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጠረ። ልጄ በቀትር ገብቶ ወዲያው በላብ ተጠምቆ ወጣ። «እንግዲህ ቀረብኝ» አለ እንጂ እኔን አልወቀሰኝም።

ልጅ አባቱን መስማት እንዳለበት ዛሬም አምናለሁ። አባትም ሲሳሳት አፉን ሞልቶ መናገር አለበት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልሁትና አብረን ጣና ዳር ወርደን ደንገል አጨድን። ሽማግሌው አይተውን «ጌታው፣ ዛሬስ ይደርቃል ወይስ አሁንም ቸኩለዋል?» ብለው ሳቁብኝ።

ወር ሙሉ አድርቀን እንደገና ለበጥነው። በቀትር ልፈትሽ ገብቼ ጋደም አልሁ። የቀሰቀሰኝ የልጄ ድምፅ ነው።

«አባየ፣ ይነሡልኝ እንጂ፤ ቤቴ እኮ ነው!»