የወልደ ኪዳን የበቅሎ ተራ

በላሊበላ በቅሎ አከራዮች ማኅበር ውስጥ ወልደ ኪዳንን የማይሰድብ ቢኖር በቅሎው ብቻ ነበረች። እጁ ሥራ ይወዳል፤ ልቡ ግን አንድ ቦታ አይቀመጥም። ገመድ ሊገዛ ገበያ ይወርድና የሰው ጣሪያ ሲከድን ውሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሠላሳውን ካለፈ በኋላም መንደሩ «ቀዥቃዣው» ይለዋል።

ያልታዘዘለት መድኃኒት የለም። ዘመዶቹ ቡዳ ነው ብለው ጠበል አስጠመቁት፤ ንጹሕ ሆኖ ተመለሰ፣ ነጠላውን ግን እዚያው ረስቶ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ጋሻዬ ደግሞ ከወረዳ በሚታደል የሥልጠና ሰነድ ያደገ ሰው ነውና «የአመለካከት ችግር ነው» አለ። በእነዚያ ዓመታት ከአመለካከት የሚያመልጥ በሽታ አልነበረም፤ የመብራት መጥፋትም፣ የበቅሎ ሳልም አመለካከት ነበር።

ነገሩ የከፋው ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ባለችው አሸተን ማርያም ነው። ወልደ ኪዳን አንዲት ፈረንጅ በበቅሎ ይዞ ወጣ። ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ ቤተ ክርስቲያኑን ልታይ ስትገባ እሱ ደጅ መጠበቅ ነበረበት። ቁልቁለቱ ላይ የአንድ ገበሬ አህያ ጭነቷ ሲዛነፍ አየ። ሊያቃና ወረደ፤ አቃና፤ ከገበሬው ጋር እያወጋ፣ በቅሎውን እየሳበ ላሊበላ ገባ። ሴትዮዋ በእግሯ ስትወርድ መሸባት።

ማኅበሩ ግምገማ ጠራ።

«አንድ ጊዜ ከደገመ ተራው ይሰረዛል!» አለ ጋሻዬ።

ተራው ከተሰረዘ እንግዳ የለም፤ እንግዳ ከሌለ ያ ቤት የሚበላው የለውም።

ሚስቱ ሙሉዬ እየተራገመች ጤና ጣቢያ ወሰደችው። አስቻለች የምትባለው ነርስ ደሴ ሄዳ ሠልጥናለች፤ ከአበሉ ሌላም ነገር ይዛ የተመለሰች ብርቅዬ ሠልጣኝ ናት። ስለ ልጅነቱ ጠየቀችው፤ ሁለቱንም አዳመጠች።

«የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ይመስለኛል» አለች። «ከሕፃንነት ጀምሮ አብሮ ያደገ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። እዚህ የምሰጥህ ኪኒን የለኝም። መላውን ግን አብረን እንፈልጋለን፤ በየሳምንቱ ኑ፣ ሁለታችሁም።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?» አለች ሙሉዬ።

«ዛሬ ጠዋት ምን ብለሽ አዘዝሽው?»

«ምን እላለሁ? በቅሎዋን አጠጣ፣ ገብሱን አስፈጭ፣ ስትመለስ ላምባ ግዛ፣ አጥሩን እሰር፣ እናቴን ጠይቃት...»

«እቴ፣ ይህን ሁሉ እኔም አልይዘውም!» ነርሷ ሳቀች። ወደ ወልደ ኪዳን ዞረች። «ቄስ ትምህርት ቤት ገብተህ ነበር አሉ። የኔታ ቃል የሚሰጡህ እንዴት ነበር?»

«አንድ ቃል ይሰጡኛል፣ እመልሳለሁ። ካልመለስሁ ሁለተኛ ቃል የለም፤ አለንጋ ነው።»

«አለንጋውን ተዪውና የቀረውን ያዢ» አለቻት ሙሉዬን።

ከዚያ ወዲህ ሙሉዬ አንድ ነገር ታዛለች፤ ባሏ ያንኑ በቃሉ ይመልሳል፤ ሲፈጽም ሌላው ይቀጥላል። አንዳንድ ቀን ይሳሳታል፤ አንዳንድ ቀን እሷ ትረሳና የስድብ ናዳ ታወርዳለች። በሳምንቱ አስቻለች ዘንድ ሄደው እንደገና ይጀምራሉ። የተራራውን መላ ግን ራሱ ወልደ ኪዳን አመጣው፤ እንግዳው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ አስፈቅዶ ጫማውን በማሰሪያው በራሱ አንገት ላይ ማንጠልጠል።

«ደግሞ ጫማ ነጋዴ ሆንክ?» ብሎ ሳቀበት ባልደረባው ውዱ።

«ዝም በል እባክህ፤ እኔን የሚያስረኝ ይኸ ብቻ ነው!»

ከፋሲካ በኋላ አንድ ሽማግሌ እንግዳ ይዞ አሸተን ወጣ። ሰውየው ውስጥ ሳሉ ውዱም እዚያው ደጅ ነበር፤ በቅሎው ገመዷን በጥሳ ቁልቁል ፈረጠጠች። ወልደ ኪዳን ዘሎ ተነሥቶ ሮጠ። ጫማው ደረቱን ሲደበድበው ቀጥ አለ።

«ውዱ! እኔ እንግዳ አለኝ! በታች በኩል ዙርባት!»

ተመልሶ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ልቡ ግን ከበቅሎዋ ጋር ቁልቁል ይጋልባል። ሽማግሌው ሲወጡ ጫማቸውን ከነጠባቂው አገኙ።

በቀጣዩ ግምገማ ውዱ ተነሣ። «በቅሎዬን አልያዘልኝም፤ ቀኑን ሙሉ ስፈልጋት ዋልሁ። እንግዳውን ግን አልጣለም። እኔ ብሆን እሮጥ ነበር።»

የሚቃወም ታጣ፤ ተራው ጸና። ጋሻዬ ጉሮሮውን ጠርጎ ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ጀመረ፤ ድሉ የማኅበሩ ትክክለኛ አቅጣጫ ውጤት መሆኑን፣ በግንባር ቀደምነት የመሩትንም አካላት እየዘረዘረ። ቀና ሲል የወልደ ኪዳን ወንበር ባዶ ነበር። ተራው ደርሶ ስለነበር ደጅ በቅሎውን እየጫነ ነው።