ከወይፈን ጋር በአንድ ማህፀን

በከብት አዳቃይነት የተቀጠርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሽ ተስፋዬ እስከ ትከሻ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት አቀበሉኝና ወደ አንዲት እርጉዝ ላም መሩኝ። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ይህ ሥራ በጣት ነው የሚታየው» አሉኝ። እጄን አስገብቼ በአንጀቷ በኩል የጽንሱን ሰኮና ነካሁ። እግሩን ሰበሰበ። እጄን መንጭቄ ሳወጣ ጋሽ ተስፋዬ ሳቁ። «እሱም ደንግጧል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከሚዛን ተፈሪ እየተነሳሁ፣ የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚቀመጥበትን ዕቃ በሞተርና በባጃጅ እየጫንኩ ብዙ ቀበሌ ዞሬያለሁ። እንደ ሸዋ ቤንች ወረዳዋ ጊደር ያስደነቀችኝ ግን የለችም።

ባለቤቶቿ አቶ ማርቆስና ሚስታቸው አስቴር ናቸው። ጊደሯ ከቡናው ጥግ ታስራለች፤ ቁመናዋ ያስቀናል፣ ጠጉሯ ያብረቀርቃል። ዕድሜዋ ደርሶ ቢያልፍም ኮርማ ፈልጋ አታውቅም።

«መርፌ ካለሽ ውጊልን» አሉኝ አቶ ማርቆስ። «ለእሷ ብለን እናቷን ቅዳሜ ገበያ ልናወጣ ነው። መኖው ለሁለት አይበቃም።»

እጄን አስገባሁ። ማህፀን በሚገኝበት ቦታ ያገኘሁት እንደ ክር የቀጠነ ነገር ብቻ ነው። ደግሜ ፈለግሁ። የለም።

«ስትወለድ ብቻዋን ነበረች?» አልኩ።

«መንታ ናት፤ ከወይፈን ጋር» አለች አስቴር። «ወንዱን አምና ሸጥነው። ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገረኝም። መንታዎቹ በእናታቸው ሆድ ሳሉ የደም ሥራቸው እንደሚገናኝ፣ የወንዱ ደም ወደ ሴቷ ሲያልፍ ማህፀኗን እንዳያድግ እንደሚያግደው አስረዳኋቸው። መሲና ናት፣ አትወልድም፤ መርፌ አያድናትም።

አስቴር የጊደሯን ጎን ዳበሰች። «ገና ሳትወለድ?»

«ገና ሳትወለድ።»

«እኔ እኮ ጨው አጉድዬባት ነው እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት!»

 «እንግዲያው እናቲቱ አትሸጥም፤ ትቅር» አሉ አቶ ማርቆስ።

ጊደሯ ደልባ ለገና ተሸጠች። እናቲቱን አዳቀልኳት፤ አንዲት ሴት ጥጃ ወለደች። ያቺ ጥጃ ዛሬ ራሷ ወልዳ ትታለባለች።

ሁለት ፍጥረት ሳይተያዩ፣ በጨለማ ውስጥ አንዱ የሌላውን ዕጣ እንዲህ መወሰኑ እስካሁን ይገርመኛል።

ከወንድ ጋር መንታ የተወለደች ጊደር አብዛኛውን ጊዜ አትወልድም። ለእርባታ ከማስቀረታችሁ በፊት ብቻዋን መወለዷን ጠይቁ፤ አስመርምሯት።